ቀይዋ መኪና ኬላው እንዳትደርስ

የእጅ ፍሬኑ ባይያዝ ኖሮ፣ ያቺ ቀይ መኪና በዚያች አንዲት ጀሪካን ቤንዚን ላሊበላ ትገባ ነበር?

ይህን ጥያቄ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ይዤው እኖራለሁ። ስንት ጊዜ በወረቀት ላይ አስልቼዋለሁ፤ ዳገቱን ለብቻ፣ ቁልቁለቱን ለብቻ። ሒሳቡ አንድ ቀን ትገባለች ይለኛል፣ ሌላ ቀን አትገባም። ለሚሰማው ሰው የመኪና ወሬ ይመስላል። ለእኔ ግን የአንድ ሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ የሆነው ትልቁ ድርቅ ከመግባቱ በፊት በነበረው በጋ ነው። ያን ጊዜ ላሊበላ ውስጥ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ከፈታሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ይመስለኛል፣ አንድ ፊደል ተዛንፎ ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቃለ ጉባኤ ስጽፍም ሰው የተናገረውን እንጂ ሊናገር የፈለገውን አልጽፍም። በዚህ ጠባዬ የሚስቁብኝም፣ የሚሸሹኝም ነበሩ።

መኪናዋ ባለሁለት በር፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ናት። ደሴ ከአንድ ባለርስት ልጅ የተወረሰች ነበረች። ላንድሮቨሮቹ በሙሉ ለዘመቻ ሲወሰዱ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት የተረፈችው እሷ ብቻ ሆነች። ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጎርበጥባጣ በሆነ መንገድ ላይ አፍንጫዋን ደፋ ቀና ስለምታደርግ ካህናቱ «ሰጋጇ» አሏት። «ሰጋጇ መጣች» ከተባለ ሥራ የፈታ ሁሉ ወጥቶ ያያታል።

ሾፌሯ አያ ደምሴ ይባላል። ቁጠባ ይወዳል። ቁልቁለት ሲያገኝ ሞተሩን አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ ይለቃታል። ያኔ ሌሎችም ሾፌሮች እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ እሱ ግን ይኮራበታል። መኪናዋን መጀመሪያ ከደሴ ወደ ወልድያ ያመጣት እሱ ነው፤ በዚያ ሁሉ አስፋልት ላይ ያቃጠለው ቤንዚን ጠብታ እንደሆነ ለአለቆቹ በጉራ ነግሯቸው ነበር። መጥፎ ዕድል ሆኖ፣ የነገራቸውን የሚመዘግብ ሰው ነበር።

የሚመዘግበው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ በቀለ ነው። የሸዋ ልጅ፣ ወጣት፣ ቀጭን፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ክፉ ሰው ነበር አልልም። በወረቀት የሚያምን ሰው ነበር፤ በዚህ እኔና እሱ እንመሳሰላለን። ከመኪናዋ ጋር አንዲት ትንሽ የመመሪያ መጽሐፍ መጥታለች። በአንድ ሊትር በአውራ ጎዳና ላይ ይህን ያህል፣ በከተማ ውስጥ ይህን ያህል ትሄዳለች ትላለች። ጓድ በቀለ የመጽሐፏን ቁጥርና የአያ ደምሴን ጉራ ይዞ የበጋውን ጉዞ ሁሉ ቢያሰላ፣ አንድ በርሜል የሚያህል ቤንዚን የገባበት አልታወቅ አለ።

በዚያው ሰሞን በጊዳን በኩል ያሉት የጫካ ሰዎች በሞተር የሚሠራ መብራት ማብራት ጀመሩ ተብሎ ይወራ ነበር። ሁለቱ ነገር ተገናኘ። አያ ደምሴ ታሰረ።

ሕዝብ በተሰበሰበበት እጁን ወደ ኋላ ታስሮ አቆሙት። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።

«ጓዶች፣ ቤንዚን እግር የለውም» አለ ጓድ በቀለ። «በራሱ ተነሥቶ ወደ ወንበዴ አይሄድም።»

«ጓድ፣ ያንን መጽሐፍ የጻፈው ሰው የኛን ዳገት በሕልሙም አላየው» አለ አያ ደምሴ። «እዚህ እኮ ከአንደኛ ማርሽ ወጥታ አታውቅም። እየጠጣች ነው የምትወጣው!»

«ከደሴ ወልድያ በጠብታ መጣሁ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ያ አስፋልት ነዋ!»

ሰው ሳቀ። ጓድ በቀለ አልሳቀም፤ መጽሐፏን ገልጦ ቁጥሮቹን እንደገና አነበበልን።

እኔ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን እጄ ተነሣ። «ጓድ በቀለ፣ የተነበበልን ሁለት ቁጥር ነው። አንዱ የከተማ፣ አንዱ የአውራ ጎዳና። የኛ መንገድ የቱ ነው ብዬ ልጻፍ?»

አንድ ሽማግሌ ካህን ከኋላ፣ «የፍየል ነው ብለሽ ጻፊ» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ጓድ በቀለ መጽሐፏን ዘጋ። ከዚያ ወሰነ። መኪናዋ ትፈተናለች። ያለው ቤንዚን ተቀድቶ ወጥቶ አንዲት ጀሪካን ብቻ ይጨመርላታል። በመጽሐፉ ስሌት ያ እስከ ኩልመስክ ገበያ ደርሶ ለመመለስ በቅቶ ይተርፋል። በዚያች ጀሪካን ተመልሳ የከተማውን መግቢያ ኬላ ከነካች አያ ደምሴ ውሸታም ነው፤ በማግስቱ ወደ ደሴ ይላካል። መንገድ ላይ ከቆመች እውነቱን ነው፤ ይፈታል።

«ደሴ ይላካል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ሰፈር ከተላኩት ውስጥ የአንዱ ልብሱ ብቻ ለእናቱ ሲመለስ በዓይናችን አይተናል።

«ምስክርም ያስፈልጋል» አለ ጓድ በቀለ። «ጠያቂዋ ትሂድ። ጓድ ዝናሽ አንድ ፊደል አትዘልም ይባላል።»

በማግስቱ ጠዋት አያ ደምሴ ራሱ በጎማ ቱቦ በአፉ እየሳበ ያለውን ቤንዚን አወጣ። አንዷ ጀሪካን ተጨመረች። ሌላ ጀሪካን ደግሞ አፏ በጨርቅ ታስሮ፣ በሰም ታሽጎ ከኋላ ተጫነች፤ ከቆምን እንድንመለስባት። የኋላው ወንበር ለቦርሳ እንጂ ለሰው የተሠራ አልነበረም። ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ፣ በጎን ተቀመጥኩ። እግሬ ያረፈው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል፣ የእጅ ፍሬኑ አጠገብ ነው።

ኬላው ጋ ስንደርስ የአያ ደምሴ ሚስት አልጋነሽ ቆማ ጠበቀችን። ባሏን አላናገረችውም፤ አልተፈቀደላትም። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብላ ለእኔ ብቻ፣ «ዝናሽ፣ ዓይንሽን አደራ» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። በደንብ እይ ማለቷ ነው ብዬ ወሰድኩት።

መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የነዳጁ ቀስት ከፍ ብሎ እንዲቆይለት ይመኛል። እኛ መኪና ውስጥ ግን ቀስቱ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ሰው ትንሽ ይተነፍሳል። ሦስታችንም ከመንገዱ ይበልጥ የምናየው እሱን ነበር። ዳገት ላይ መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ እየጮኸች ስትወጣ ቀስቱ ሲወርድ በዓይን ይታያል። አያ ደምሴ ዝም ብሎ ይነዳል። እኔ በልቤ «ጠጪ፣ ጠጪ» እላለሁ። ምስክር ሆኜ ሳለ እንዲህ ማለቴ አሳፍሮኝ ወደ ውጭ አየሁ።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ የአያ ደምሴ እጅ በልማድ ወደ ቁልፉ ሄደና መለስ አለ።

«ምነው? አጥፋት እንጂ» አለ ጓድ በቀለ። ሽጉጡ ጭኑ ላይ ነው። «ልማድህ አይደለም? እንደ ወትሮህ ንዳ። ዛሬ ልታባክን ነው?»

አያ ደምሴ አጠፋት። መኪናዋ ያለ ድምፅ ቁልቁል ወረደች። ከጎማው ሥር የሚፈናጠረው ጠጠር ብቻ ይሰማ ነበር። የቆጠባት እያንዳንዷ ጠብታ ወደ ደሴ የምትወስደው እንደሆነች እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ጓድ በቀለም ሳያውቅ አይቀርም፤ ግን ደንብ ደንብ ነው።

ኩልመስክ ስንደርስ ጓድ በቀለ ወርዶ ውሃ ጠጣ። አያ ደምሴ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደና፣ እሱ ብቻውን ስለማይይዛት፣ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። ገበያ የወጣው ሰው መኪናዋን ከበባት። አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ ሆዷን አየና፣ «ለመሆኑ የዚችን ቀለብ የሚሰፍርላት ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አያ ደምሴ። «ለዚያ ነው የታሰርኩት።»

ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ቀስቱን አየሁ። ግማሹ ላይ ነው። ከመመለሻው መንገድ ብዙው ቁልቁለት ነው። መኪናዋ ትገባለች። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። አያ ደምሴም ቀስቱን አይቶት ነበር፤ ድንጋዩን አውጥቶ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል።

ወደ ኋላ ተመለስን። ትልቁ ቁልቁለት ሲጀምር በታዘዘው መሠረት ሞተሩን አጠፋ። ጥቂት እንደሄድን አንድ ነገር ሸተተኝ። የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ። መኪናዋም እንደ ጠዋቱ አልሮጥ አለች፤ ወደ ቁልቁለቱ ማለቂያ ስትደርስ ጭራሽ ቆመች። አያ ደምሴ ሞተሩን አስነሣ።

«ምነው አስነሣህ?»

«ቆመችብኝ፣ ጓድ።»

ያኔ ነው ወደ እግሬ ያየሁት። ጠዋት ተጋድሞ የነበረው የእጅ ፍሬን ቀና ብሏል። ብዙ አይደለም፤ ሁለት ጣት ቢያህል ነው። ኩልመስክ ስንቆም እንደሳበው ረስቶት ይሆናል። ሾፌር ይረሳል። ወይም አልረሳውም።

ጓድ በቀለ አየሩን አሸተተ። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ፍሬን ነው፣ ጓድ። ቁልቁለት ነው» አለ አያ ደምሴ። ይህ ውሸት አልነበረም፤ እውነቱም ሙሉ አልነበረም።

ጓድ በቀለ አላመነም። በወንበሩ ላይ ዞር ብሎ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ መመልከት ጀመረ። እኔ በዚያች ቅጽበት ምንም አላሰብኩም። አስቤ ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር። ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳብኩና እግሬን የምሸፍን መስዬ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ጣልኩት። የእጅ ፍሬኑ ከሥሩ ጠፋ።

ጓድ በቀለ ነጠላውን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

«በረደሽ፣ ጓድ ዝናሽ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ቀና ስል ከአያ ደምሴ ዓይን ጋር በመስታወቱ ውስጥ ተገናኘን። አልጠቀሰኝም፣ አላመሰገነኝም። ወዲያው ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። እኔ ግን ነጠላው እንዳይንሸራተት ጫፉን በእግሬ ረገጥኩ። ነገሩ ቢገለጥ ወደ ደሴ የምንሄደው ሁለት ሆነን ነው።

ወንዙን ተሻግረን የመጨረሻውን ዳገት ስንጀምር ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቷል። መኪናዋ ግን ትሄዳለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሾፌር የሚመርቃት እንዲህ ስትሆን ነው። አንድ ጠመዝማዛ ወጣን። ሌላ ወጣን። ጓድ በቀለ ወደ ፊት ተጠግቶ መስታወቱን ሊነካ ደርሷል። «ልትገባ ነው» አለ፣ ለራሱ ይመስል።

ቀጣዩን ስንታጠፍ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። ትንሽ አይደለም፤ አንዳንዱ ተኝቶ የሚያመሰኳ በግ ያህላል።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ጓድ በቀለ።

«ከላይ ፍየል ሲያልፍ ይንከባለላል» አለ አያ ደምሴ።

«አጥፋትና እናንሣው።»

«ዳገት ላይ ካጠፋኋት አትነሣልኝም፣ ጓድ። ፍሬኑን የምረግጠውም እኔ ነኝ፤ ከወረድኩ ወደ ገደሉ ትሄዳለች።»

ጓድ በቀለ አመነታ። ከዚያ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጠና ወረደ። እኔም በወንበሩ ላይ ተንጠላጥዬ ወጣሁ። ነጠላዬን እዚያው ተውኩት። እሱና እኔ ድንጋይ ስናነሣ፣ የተተኮሰ ካኪው በአፈር ሲለወስ፣ ሞተሩ ከኋላችን እያጉረመረመ ይጠጣል። ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ። በሕይወቴ እንዲያ ቀስ ብዬ ድንጋይ አንሥቼ አላውቅም።

መንገዱ ሲጠራ ገብተን ተነሣን። በሚቀጥለው ጠመዝማዛ ላይ ኬላው ታየ፤ የተወጠረው ገመድ፣ የተሰበሰበው ሰው፣ ከሰዉ ፊት የቆመችው አልጋነሽ። በእጇ አፏን ይዛለች። መኪናዋ አንድ ጊዜ አስነጠሰች። ደገመች። ከዚያ ዝም አለች።

ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር አያ ደምሴ፣ «ድንጋይ! ዝናሽ፣ ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ። ጓድ በቀለ በሩን ከፍቶ ሲወርድ እኔም ተከትዬው ዘልዬ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቅኩ። ያኔ አያ ደምሴ ነጠላዬን ገለጥ አደረገና የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢያየው፣ ዳገት ላይ የቆመች መኪና ፍሬን ነው።

ከኬላው የቀረን ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ነው።

ጓድ በቀለ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ ረጅም የደረቀ አገዳ ከተተ። አወጣው። ደረቅ ነው። ገልብጦ አየው። ኬላውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየ።

«አይተሻል፣ ጓድ ዝናሽ?»

«አይቻለሁ።»

«ጻፊ።»

ጻፍኩ። «መኪናዋ ኬላው ሳትደርስ ነዳጅ ጨርሳ ቆመች» ብዬ። ከጻፍኩት ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድ ፊደል የለም። ያልጻፍኩት ግን አለ።

አያ ደምሴ ያን ቀን ቤቱ ገባ። መኪናዋን መንዳቱን ቀጠለ፤ የቤንዚን ኮታዋም ተጨመረላት። ከእኔ ጋር ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሣልኛል፣ እኔ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፣ እንተላለፋለን። ጓድ በቀለ ተዛውሮ ሄደ። ዘመኑም አለፈ። መኪናዋ ጎማዋ ወልቆ ከአንድ ግድግዳ ሥር ስትዝግ ኖረች። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ሆንኩ። ለተማሪዎቼ ሒሳብ ሳስተምር «በአንድ ሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ጠመኔዬን ይዤ ቆም የምልበትን ምክንያት ማንም አያውቅም ነበር።

አያ ደምሴ በሕመም አረፈ። ዓመቱ ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት አልጋነሽ ቤት ደጃፍ ተቀምጠን ምስር ስንለቅም፣ ሁለታችንም አርጅተናል፣ ሳላስበው፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ሽታውን፣ ፍሬኑን፣ ነጠላዬን። እሷ መልቀሟን አላቋረጠችም። ስጨርስ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው።

«ድንጋዩንስ?» አለችኝ። «ድንጋዩን ማን ያንከባለለው ይመስልሻል?»

«ፍየል አይደል?»

«ፍየሏ እኔ ነኛ! እናንተ እንደሄዳችሁ ለአሸተን ማርያም ተሳልኩ። ከዚያ፣ እሷስ የስንቱን ትሰማለች ብዬ ወረድኩና እኔው ደረደርኩት። ወገቤ እስከ ዛሬ የሚያመኝ ከዚያ ወዲህ ነው።»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ አለቀና ሁለታችንም ወደ ምስሩ አጎነበስን። አንድ ነገር እያሰብን እንደሆነ ታወቀኝ።

«አልጋነሽ» አልኩ፣ «ለመሆኑ ያን በርሜል ቤንዚን መኪናዋ ናት የጠጣችው?»

ሰፌዱን አዙራ ምስሩን ረጨት ረጨት አደረገች።

«ያን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝቼ አልጠየቅሁትም» አለች። «አንቺስ ለምን አልጠየቅሽውም?»

ይህን ሁሉ ጊዜ ጥያቄው የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ለሁለት ተሸክመነው እንደኖርን ሳውቅ፣ አልተፈታም፣ ግን ቀለል አለኝ። አሁንም ማታ ማታ አስለዋለሁ፤ ልቤ ግን እንደ ድሮው አይመታም።

«በይ፣ ፀሐይ ሳይጠልቅ ልቀሚ» አለችኝ አልጋነሽ፣ ከምስሩ መሐል አንዲት ጠጠር አንሥታ ወደ ደጅ እየወረወረች።